ቀድመው የሚቀምሱት ወ/ሮ ደጅይጥኑ ገብረ አማኑኤል (1954–2018 ዓ.ም.)

ወ/ሮ ደጅይጥኑ ከአባታቸው ከመሪጌታ ገብረ አማኑኤል ተሰማ እና ከእናታቸው ከወ/ሮ ወለተ ሐና ብሩ በዋግ ኽምራ፣ በሰቆጣ ዙሪያ ወረዳ በ1954 ዓ.ም. ተወለዱ። ይህ ጽሑፍ ሲዘጋጅ «አሳጥሩት፤ ክፉ ክፉውንም ተዉት» ያሉ ዘመዶች ነበሩ። ማሳጠሩን ተቀብለናል። ክፉውን ግን ሟቿ ዕድሜ ልካቸውን ተሸክመውት ኖረዋልና እናንተ ቆማችሁ ብትሰሙት አይከብዳችሁም።

ከፍ ሲሉ ከአባታቸው እግር ሥር ፊደል ቆጥረው ዳዊት ደገሙ። የቤታቸው ቋንቋ ኽምጣንጋ ቢሆንም አማርኛውን ከዳዊቱ ጋር አቀላጥፈው ያዙት። በ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲታወጅ የሠፈራቸውን ሴቶች ፊደል ያስቆጠሩት እሳቸው ናቸው። ዛሬ እዚህ ከቆማችሁት እናቶች መካከል ስማችሁን መጻፍ የምትችሉት ማን እንዳስተማራችሁ ታውቃላችሁ።

በ1973 ዓ.ም. የጽጽቃ ተወላጅ ከሆኑት የፍየል ነጋዴ ከአቶ ኤርምያስ ወልዱ ጋር በሥርዓተ ተክሊል ተጋብተው ሰቆጣ ከተማ ጎጆ ወጡ። ልጃቸውን ኤደንን በ1975፣ አንዷለምን በ1979 ዓ.ም. ወለዱ። ትዳራቸው የተዋደደ ነበር። ይህንንም የሚያስተባብል ሰው እስከ ዛሬ አልተገኘም፤ ሌላውን ሁሉ ያወሩት እንኳ ይህን አልካዱም።

አቶ ኤርምያስ ከንፈራቸውና እጃቸው አልፎ አልፎ ያብጥ ነበር። አባታቸውም እንዲሁ ነበሩ፤ ታላቅ እኅታቸው ወ/ሮ ጥሩሐረግም እንዲሁ ናቸው። በዚያ ቤት የዚህ ሁሉ ስሙ «ምች» ነው፤ ዳማከሴ ይታሽበታል፣ በሁለተኛው በሦስተኛው ቀን ይጎድላል። በጥር 1981 ዓ.ም. አቶ ኤርምያስ መንጋጋቸውን አሟቸው ገበያ ላይ በጉጠት አስነቀሉ። ማታ ቤታቸው ገብተው ባለቤታቸው የጠመቁትን ጠላ ጠጡ። ሲነጋ ፊታቸው አብጦ፣ ድምፃቸው ሰልሎ ነበር፤ ረፋዱ ላይ ጉሮሯቸው ተዘግቶ ዐረፉ። ጥርሱን የነቀለውን ማንም አልጠየቀም። የተጠየቀው ጠላው ነው። ወ/ሮ ጥሩሐረግ በለቅሶው መካከል ቆመው «ወንድሜን በዋንጫ ገደለችው!» አሉ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነውና ቃሉ በዚያው ቀን ሰሃላ ድረስ ተሰማ።

ሽማግሌዎች ተቀመጡ፤ ማስረጃ አጡ። ማስረጃ ያጣ ሽማግሌ «ንጹሕ ናት» ብሎ ይነሣል። የእኛዎቹ ግን ወ/ሮ ደጅይጥኑ ከቅዱስ ሚካኤል ጽዋ ማኅበር እንዳይወጡ፣ ተራቸው ሲደርስ ግን የጠመቁትን ቀድመው እንዲቀምሱ ወሰኑ። በአገራችን ጠላ የሚቀዳ ሰው በመዳፉ ጠብታ አድርጎ መቅመሱ ወግ ነው። ለእሳቸው ግን ጠብታ አልበቃም፤ ሙሉ ዋንጫ በማኅበርተኛው ፊት እንዲጠጡ ተደረገ። ከጠጡም በኋላ ሰው ሁሉ ዐይን ዐይናቸውን እያየ ጥቂት ይቆይ ነበር። በየዓመቱ ጠጡ፤ በየዓመቱ አልሞቱም፤ በየዓመቱም አልታመኑም።

በ1996 ዓ.ም. የአንዷለም ከንፈር አበጠ፤ ቀጥሎም ሆዱን ሰቅዞ ያዘው። በዚህ ጊዜ «ባሏን ጨርሳ ልጇን ጀመረች» ተባለ። ይህን ያላችሁ ሰዎች ስማችሁ እዚህ አልተጻፈም። እናንተ ግን ታውቁታላችሁ፤ እሳቸውም ያውቁት ነበር።

ያን ጊዜ ሳይሆን፣ በሚያሳዝን መዘግየት በ2011 ዓ.ም. ነው እውነቱ የተገኘው። ባሕር ዳር በመምህርነት የምትሠራው ኤደን ወንድሟንና እናቷን ወስዳ አስመረመረች። ሐኪሙ ያስረዱትን እዚህ ማስፈር ግድ ነው። በሰው ሁሉ ደም ውስጥ ኮምፕሊመንት የሚባሉ ፕሮቲኖች አሉ። የገላ ዘበኞች ናቸው፤ ጀርም ሲገባ አንዱ አንዱን እየቀሰቀሰ ይነሣሉ፣ ጀርሙን ይበሳሉ፣ ነጭ የደም ሴሎችንም ይጠራሉ። ከእነርሱ አንዳንዶቹ የጎደሉበት ሰው ማጅራት ገትር ይመላለስበታል። ዘበኛ ደግሞ ልጓም ያስፈልገዋል፤ የሚገታቸው ሌላ ፕሮቲን አለ። ይኸው ገቺ ውኃ ከደም ሥር እንዳይፈስም ይይዛል። እርሱ ሲጎድል ያለ ጠላት ገላ ያብጣል፤ ከንፈር፣ እጅ፣ ሆድ፣ ባስ ሲልም ጉሮሮ። ጥርስ መነቀል ይቀሰቅሰዋል። ከወላጅ ወደ ልጅ ይተላለፋል። አንዷለም ላይ የተገኘው ይህ ነው፤ አቶ ኤርምያስንም የገደላቸው ይኸው እንደሆነ ሐኪሙ አልተጠራጠሩም። ወ/ሮ ደጅይጥኑ «እኔስ?» ሲሉ «የእርስዎ ደም ምንም አልጎደለውም» አሏቸው። «እባክዎ ይድገሙልኝ» አሉ። ሐኪሙ ደገሙላቸው።

ከዚያ ወዲህ አንድ ነገር ብቻ ፈለጉ፤ ቃሉን ያወጣው አፍ ቃሉን እንዲመልሰው። ሽማግሌ ላኩ። ወ/ሮ ጥሩሐረግ የመለሱት «በእኛ ዘር በሽታ የለም። የሚዳሩ ሴት ልጆች አሉን» የሚል ነው። በእኛ አገር ለጋብቻ ዘር ይጣራል፤ በሽታ ያለበት ቤት ልጅ ሳትዳር ትቀራለች። ስለዚህ ከበሽተኛ ዘር ነፍሰ ገዳይ ምራት ተሻለቻቸው። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ የተባለው ለዚህ ነው።

በ2015 ዓ.ም. የወ/ሮ ጥሩሐረግ የልጅ ልጅ የትናየት ለሠርጓ ስትዘጋጅ ጥርሷን ተነቀለች፤ በማግስቱ ጉሮሮዋ አበጠ። ቤተሰቡ «እንጥሏ ወርዷል» ብሎ እንጥል ቆራጭ ጠራ። ወ/ሮ ደጅይጥኑ ሰምተው ከሐዘኑ ቀን ጀምሮ ያልረገጡትን ደጅ ረገጡ። ከሰውዬውና ከልጅቱ መካከል ገብተው «ምላጩን አስቀምጥ! ከነካሃት ትሞታለች። ኤርምያስን ያያችሁት አይበቃችሁም?» አሉ። በባጃጅ ሆስፒታል ወሰዷት፤ ኤደን የባሕር ዳሩን ሐኪም በስልክ አገናኘች፣ ከተለገሰ ደም የተጣራ፣ የጎደላትን ገቺ የያዘ ፕላዝማ ተሰጣት፣ ዳነች። ወ/ሮ ጥሩሐረግ ለጠያቂው ሁሉ «ምች ነበር፤ ለቀቃት» አሉ። ወ/ሮ ደጅይጥኑ ሠርጉ ላይ አልተጠሩም።

ሙሽራዪቱ ግን ከመልሷ በኋላ ብቻዋን መጣች። ወ/ሮ ደጅይጥኑ እንደ ልማዳቸው ሊቀምሱ ዋንጫውን ሲያነሡ ከእጃቸው ተቀብላ ጠጣች። አለቀሱ። በሐዘን ሳይሆን በደስታ ሲያለቅሱ ያየናቸው ያን ቀን ነው።

ወ/ሮ ደጅይጥኑ ባደረባቸው የልብ ድካም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ኅዳር 9 ቀን 2018 ዓ.ም. በተወለዱ በ64 ዓመታቸው ዐረፉ። የሁለት ልጆች እናትና የአራት ልጆች አያት ነበሩ። አንዷለም ዛሬ መድኃኒቱን እየወሰደ በሕይወት ከመቃብራቸው አጠገብ ቆሟል።

ስም ከመቃብር በላይ ይውላል። በሰው ሸንጎ ያልተፈረደላቸውን ፈጣሪ በራሱ ሸንጎ ይፍረድላቸው፤ ነፍሳቸውንም ማንም በጥርጣሬ ከማያያቸው ከቅዱሳኑ ጋር ያሳርፍ።

ዘንድሮ የኅዳር ሚካኤል ጽዋ ተራው የእሳቸው ነበር። የጠመቁት ጠላ ደርሷል፤ ከቀብር መልስ ለሁላችሁም ይቀዳል። የሚቀምስላችሁ ግን የለም። የመጀመሪያው ዋንጫ ለወ/ሮ ጥሩሐረግ ይሰጥ።