ከሴራሚኩ በፊት ቆርቆሮው

ይድረስ ለማከብርዎና ለምናፍቅዎ አባቴ፣ ደሴ።

አሰላሙ አለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ። አባቴ፣ እንዴት ሰንብተዋል? ጉልበትዎስ እንዴት ነው? መስጊድ ብቻዎን መሄድ ጀመሩ ወይስ አሁንም ወንድሜ ሀቢቡላህ ይደግፍዎታል? እናቴን ያ ሳል ለቀቃት? ብርዱ ሲገባ ስስ ሻርፕ ጣል አድርጋ እንዳትወጣ ይንገሩልኝ፤ እኔ ብላት አትሰማኝም። እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን፤ ከናፍቆታችሁ በቀር የጎደለብን የለም። ስልክ ላይ ጆሮዎ አልይዝ ሲልዎት እኔ እጮሃለሁ፣ ስጮህ ደግሞ ጎረቤት የተጣላን ይመስለዋል። ስለዚህ እህቴ ሀያት ረጋ ብላ ታንብብልዎ ብዬ ጻፍኩ።

ስለ ቤቱ ጠይቀውኝ ነበር። ቦሳ ኪቶ የገዛነው ቤት በአንድ ጣሪያ ሥር ሁለት በር ያለው ነው፤ በግራው በር እኛ እንገባለን፣ በቀኙ ተከራይ አለ። ተከራይዋ እትዬ አሰገደች ይባላሉ። ልጆቻቸው አድገው የሄዱ፣ ዳቦ እየጋገሩ ለሻይ ቤቶች የሚያስረክቡ ሴት ናቸው። ከድሮው ባለቤት ጊዜ ጀምረው እዚሁ ስለነበሩ ከቤቱ ጋር አብረው የመጡልን ያህል ነው። እኔና ሙሐመድሳኒ ከተጋባን ጀምሮ በሰው ቤት ኖረን፣ አሁን አከራይ ሲሉን እናፍራለን። ኪራይ ይዘው ሲመጡ የምሽኮረመመው እኔ ነኝ።

ቤት ከተገዛ በኋላ የሚቀር ነገር ያለ አይመስለንም ነበር። ለካ ሥራው የሚጀምረው ያኔ ነው። ሙሐመድሳኒ ሳሎናችን ሴራሚክ ይልበስ አለ፤ ወንድሞቹ ከአሰንዳቦ ሲመጡ በተሰነጠቀ ሲሚንቶ ላይ እንዴት አድርጌ ላስቀምጣቸው ነው ነገሩ። እኔ ደግሞ ማድ ቤቱ ውጭ ስለሆነ በዝናብ ድስት ይዞ መሮጥ ሰልችቶኝ፣ ወደ ውስጥ ይግባልኝ አልኩ። ስንከራከር ከረምንና እሱ አሸነፈ። ሴራሚኩን ገዝቶ አምጥቶ፣ ገና ሳይለጠፍ ወለሉ ላይ ደርድሮ በካልሲ ሲንጎራደድበት ቢያዩት ይስቁ ነበር።

ሐምሌ ውስጥ አንድ ቀን ከምሳ በኋላ፣ ዶፍ እየወረደ፣ ወንፊት ልዋስ ብዬ ወደ እትዬ አሰገደች ገባሁ። አልጋቸው መሐል ቤት ቆሟል። ዙሪያውን ሳፋና ባልዲ ተደርድሮ ጠብ ጠብ ይላል። የዱቄቱን ከረጢት ጠረጴዛ ላይ አውጥተው፣ እሳቸው አጠገቡ ዣንጥላ ይዘው ቆመዋል፤ ለራሳቸው ሳይሆን ለዱቄቱ።

«እትዬ፣ ከመቼ ጀምሮ ነው እንዲህ የሚያፈሰው?» አልኳቸው።

«ቆየ» አሉኝ።

ታዲያ ምነው ዝም አሉን ስላቸው፣ ዣንጥላውን ሳያወርዱ «ልጄ፣ ቤት የሚታደሰው ተከራይ ከወጣ በኋላ ነው። ከታደሰ ወዲያ ደግሞ ለኔ ቢጤ አይመለስም። ከቤቱ ከምወጣ ከዝናቡ ጋር ብኖር ይሻለኛል ብዬ ነው» አሉኝ። አባቴ፣ እኛስ በሰው ቤት ስንኖር ስንቱን ነገር ዋጥ አድርገን አልፈናል?

ሙሐመድሳኒ ከሥራ ሲመለስ ነገርኩት። መጀመሪያ ፊቱን ቅጭም አደረገ፤ የእሳቸው በኩል ይጠገንና ሴራሚኩም ይቀጥል አለ። በማግስቱ ግን አብሮት እንጨት ቤት ከሚሠራው ከነጋሳ ጋር ጣሪያው ላይ ወጣ። ሲወርድ ሐሳቡን ለውጦ ወረደ። ቆርቆሮው በምስማሩ ዙሪያ በዝገት ተበልቷል። ውሃው በእሳቸው በኩል ይግባ እንጂ በመሐሉ የጭቃ ግድግዳ እየሰረገ ወደ እኛም እየመጣ ነው፤ የመብራቱ ገመድም የሚያልፈው በዚያው ነው። «ግድግዳው ከሄደ ሴራሚኩን የምለጥፍበት ቤት የለኝም» አለኝ። ያኔ ተስማማን። እኛንም እሳቸውንም የሚነካው ይቅደም፤ ጣሪያውና የመብራቱ መስመር፣ ቀጥሎ የጋራችን ሽንት ቤት። የሚያምረው ነገር ይቆይ። ሴራሚኩን የሸጠልን ነጋዴ የተሸጠ ዕቃ አልመልስም ብሎ ነበር፤ ነጋሳ በኦሮምኛ ሲያጫውተው፣ ሲያስቀው ቆይቶ በቆርቆሮና በአሸንዳ አስቀየረልን።

እኔ ደግሞ ቸኩዬ ገባሁና «እትዬ፣ ዕቃዎን እናውጣ» አልኳቸው። እንባቸው ቀደመኝ። ብርድ ልብሳቸውን ማጠፍ ጀመሩ። ተደናግጬ እጃቸውን ያዝኩና «የምናወጣው ወደ እኛ ሳሎን ነው፤ ጣሪያው እስኪያልቅ ከእኛ ጋር ነዎት» ስላቸው፣ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብለው በነጠላቸው ፊታቸውን ጠረጉ። ከዚያ ብድግ አሉና «እንግዲያው ዱቄቱ ይቅደም» አሉኝ።

ቆርቆሮው በተነሳ ጊዜ ዝናቡ አላዘነልንም። ሸራ ወጥረን፣ ነጋሳ ከላይ «ጀባዹ» እያለ አይዞሽ ሲለኝ፣ እኔ ከታች ውሃ ስጠርግ ሰነበትን። እትዬ አሰገደች ፍልሰታን የጾሙት እኛ ቤት ነው። እሳቸው እየጾሙ ሥጋ መጥበስ ነውር መስሎኝ እኔም ሽሮ ብቻ ሠራሁ። ሙሐመድሳኒ ሁለት ቀን አጉረመረመ፤ ከዚያ የእሳቸውን ሱፍ ፍትፍት ቀምሶ ዝም አለ። እኛ ለሱብሒ ሶላት ስንነሳ እሳቸው ለኪዳን ጸሎት ይነሳሉ፤ አንዳችን ሌላውን እየቀሰቀስን ማንም አልዘገየም። እናቴን እየመሰሉኝ፣ ወደ በራቸው ሲመለሱ ሳሎኑ ሰፋብኝ።

አሁን ጣሪያው አልቋል። የመብራቱም መስመር ስለተለየ የእሳቸው ምድጃ ሲበራ የእኛ መብራት አይጠፋም። ሽንት ቤቱ ተጀምሯል። ማድ ቤቴ እዚያው ውጭ ነው፤ ድስት ይዤ እየሮጥኩ ነው። ሙሐመድሳኒ ከሽንት ቤቱ ቀጥሎ ያንቺ ተራ ነው ብሎኛል፤ እርስዎ ምስክር ይሁኑኝ።

ባለፈው ሳምንት እትዬ አሰገደች ከሰቃ ገበያ የአቮካዶ ችግኝ ይዘው መጡ። በዚህ ግቢ ያን ሁሉ ዘመን ሲኖሩ አንዲት ቅጠል እንኳ ተክለው አያውቁም ነበር። በራሳቸው እጅ ቆፍረው ደጃፋቸው ላይ ተከሉት። መቼ ያፈራል ብዬ ብጠይቃቸው፣ እጃቸውን እያራገፉ «ዓመታት ይፈጃል። ምን ያስቸኩለናል?» አሉኝ።

እናቴን ጉልበቷን ሳሙልኝ። ሀያት ስላነበበችልዎ አላህ ይስጣት፤ ሀቢቡላህ ትምህርቱ ላይ ይበርታ፤ ጎረቤታችን ፈድሊያንም ሰላም በሉልኝ። ሙሐመድሳኒ እጅ ነስቷል፤ እትዬ አሰገደችም ሳያውቁዎት ሰላምታ ልከዋል። ዱዓዎ አይለየን።

ልጅዎ ሩፈይዳ
ቦሳ ኪቶ፣ ጅማ
ጥቅምት 2 ቀን 2018 ዓ.ም.