ማን ጠመዘዘው

ኅዳር 2

ዛሬም እንደ ወትሮው። ሦስት ክፍል አስተማርሁ፣ ጠመኔ በጠመኔ ሆኜ፣ ላቤን እየጠረግሁ ገባሁ። ከሚሴ በኅዳርም አይበርድም... አገሬ ሐይቅ ቢሆን አሁን ጋቢ ነበር።

የዘጠነኛ ክፍል ምንባብ ውስጥ አንድ የተመታ እባብ አለ፣ መሬት ላይ ይጠማዘዛል። እንግሊዝኛው «ራይዝ» ይላል። ተነሳ የሚባለው ራይዝ አይደለም፤ ይኼኛው ከፊቱ ደብልዩ አለበት። ለኛ ጆሮ ሁለቱም አንድ ናቸው። ሰልማ የምትባለው ተማሪ እጇን አወጣችና ደብልዩው የማይነበብ ከሆነ ለምን ተጻፈ አለችኝ። አላውቅም ማለት ከበደኝ። ነገ እነግራችኋለሁ አልሁ።

ቤት ስደርስ የሚስቴ እናት እማ ፋጡሜ መጥተዋል። ሳይነግሩን። ከጨፋ ሮቢት ወዲያ ካለው ገጠራቸው፣ አንድ ፌስታል ልብስ ይዘው። ፋሪዳን ካገባሁ ዓመት ከመንፈቅ ሆነኝ፣ ቤታችን አድረው አያውቁም። ምነው በደህና? አልኋት ፋሪዳን። ናፍቄያት ነው አለች... ዓይኔን ሳታይ።

ኅዳር 3

የትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት ሽፋኑ የተገነጠለ ወፍራም መዝገበ ቃላት አለው። ገለጥሁት። ቃሉ ለካ ሽማግሌ ነው! ከሺህ ዓመት በፊት እንግሊዞች ክር ሲያከሩ፣ ገመድ ሲገምዱ፣ ቁስል በጨርቅ ሲጠመጥሙ ይሉት የነበረ ነው። ያኔ ደብልዩው ይነበብ ነበር። ምላሳቸው ሰነፈና ጣለው፣ እጃቸው ግን መጻፉን አልተወም።

ዘመድ አዝማዱም ብዙ ነው። የእጅ አንጓ የሚሉበት ቃል ከዚያው ዘር ነው፣ መገጣጠሚያው ስለሚዞር። የአበባ ጉንጉን የሚሉበትም። ቁጣ የሚሉበት ሳይቀር። ቁጣና መጠምዘዝ ምን አገናኛቸው? ክፍል ገብቼ ሳስረዳ ራሱ መጣልኝ። እኛስ? ክር ሲጠመዘዝ ይከራል፤ ሰው ሲጣላ ደግሞ «ተካረሩ» እንላለን። ልጆቹ ሳቁ። ሰልማ ጻፈችው። ደስ ብሎኝ ወጣሁ።

ትርጉሞቹ ተራ በተራ ተደርድረዋል። አንደኛው ማክረር፣ መግመድ። ሁለተኛው የሰውን ቃል ማጣመም፣ ካለው ውጭ ማስባል። ሦስተኛው ጋ ስደርስ ተደወለ። የቀረውን አልፌው ሄድሁ።

ማታ እማ ፋጡሜ ምግብ አልነኩም። ለፋሪዳ የሆነ ነገር አሏት። «ጠግቤያለሁ ትላለች» ብላ ተረጎመችልኝ። የተናገሩት ግን ረጅም ነበር። ያን ሁሉ ተናግረው «ጠግቤያለሁ» ብቻ?

ኅዳር 5

ዛሬም አልበሉም። የኔ ቤት እህል ምን ሆነ?

እሳቸው አማርኛ ገበያ ላይ ካልሆነ አይናገሩም። እኔ ኦሮምኛ ገና እየለቀምሁ ነኝ። በዚያ ላይ ይሉኝታው አለ፤ አማት አማቿን ፊት ለፊት አታየውም፣ ስሙንም አትጠራም። ስለዚህ ፋሪዳ መሐላችን ተቀምጣ ታመላልሳለች። የሳቸውን ቃል ለኔ፣ የኔን ለሳቸው። ታዲያ ምን እንደምታመላልስ በምን አውቃለሁ?

ኅዳር 7

ሰማሁ።

ለዐሱር ውዱእ ላደርግ ጓሮ ወጥቼ ነበር። መስኮቱ ክፍት ነው። እማ ፋጡሜ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ያወራሉ። «ጋራን...» አሉ፣ የሆነ ነገር ዋጥ አድርገው «ሚጪረሜ»። ፋሪዳ አለቀሰች መሰለኝ። ከዚያ እሳቸው፣ በቁጣ፦ «ኢሳቲ ሂንሂሚን»።

ይቺን የመጨረሻዋን አውቃታለሁ። ለሱ እንዳትነግሪ ማለት ነው። ሱ ማነው? በዚህ ቤት ከኔ ሌላ ወንድ የለም።

ገብቼ ምን ስታወሩ ነበር አልኋት። «ስለ ላሟ» አለች። ላም!

ኅዳር 8

ጀሚልን ያዝሁት። አፋን ኦሮሞ የሚያስተምር ባልደረባዬ ነው፣ ቀልደኛ። ነገሩን የተማሪ ጥያቄ አስመስዬ «ጋራ» ምንድነው አልሁት።

ሆድ ነው አለኝ። እንደ አማርኛው ሆድ ግን ልብም ይሆናል፣ ጠባይም ይሆናል። ሚጪረሜ? ተጠመዘዘ፣ ተጣመመ። ቀጥሎ ጠየቀኝ፦ «የማን ሆድ? ‹ኮ› ካሉ የኔ ነው፣ ‹ኢሳ› ካሉ የሱ። የቱን ነው ያሉት?»

ኢሳ አልሁት። ኢሳ የሚል ሰምቻለኋ።

«እንግዲያ የሱ ልብ ጠማማ ነው ማለት ይሆናል...» አለና አገጩን አሸት አሸት አደረገ። እኛ ሰው ስናማ በዚህ ቃል አንልም፣ ሌላ ቃል አለን፣ እስኪ ደግመህ አዳምጥ አለኝ። እኔ ግን ሰላም ዋል ብዬው ሄጄ ነበር።

ጠማማ። እኔ።

ኅዳር 10

ለካ ሁሉም ነገር ይገጥማል። ሳይነግሩ መምጣታቸው። እህሌን አለመንካታቸው። ፌስታሉን እስካሁን አልፈቱትም፣ በር ሥር ተቋጥሮ ቆሟል፣ ተነሱ እንደተባለ ሰው። ፋሪዳ ስልክ ሲደወልላት ወደ ጓሮ ትወጣለች። ዛሬ ጠዋት ሁለቱ ገበያ ብለው ወጡ። ባዶ እጃቸውን ተመለሱ። ከገበያ ማን ባዶ እጁን ይመለሳል?

ልጃቸውን ሊወስዱ ነው የመጡት። ምን አጠፋሁ? ልጅ አልወለድንም፣ እሱ ይሆን? ወይስ ባዳ መሆኔ? ሲድሩልኝ ግን አገሬን አልደበቅሁም።

ኅዳር 11

ከምድጃው አጠገብ በሲኒ ተቀድቶ የተከደነ ጥቁር ነገር አገኘሁ። ይሸታል፣ መራራ። ምንድነው አልኋት። «የናቴ ነው፣ ተወው» አለች። ለምንድነው? ስላት እሳቱን ወደ መቆስቆስ ዞረች።

አስተግፊሩላህ፣ ስለ ሰው ክፉ ማሰብ ኃጢአት ነው። ግን ለማን የተፈላ ነው? እኔን ሊያጠጡኝ ቢሆንስ? ዘወር ስትል ጓሮ ወስጄ ደፋሁት። ሲኒውን አጥቤ መለስሁ።

ማምሻውን እማ ፋጡሜ ሲኒውን አንስተው አዩት። መልሰው አስቀመጡት። ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ተኙ።

ኅዳር 12

የተናገርሁትን ልጻፈው። ካልጻፍሁት ነገ ለራሴ አለዝቤ እነግረዋለሁ።

ከትምህርት ቤት ስገባ እንደገና ይንሾካሾካሉ። ሲያዩኝ አቆሙ። ያቺ ማቆማቸው አቃጠለችኝ። ጮኼ አልተናገርሁም። ቀስ ብዬ ነው፣ እሱ ይብሳል። ፋሪዳን አየሁና «ለእናትሽ ተርጉሚላቸው» አልኋት። «ልቡ ጠማማ ነው ያላችሁት ሰው ሰምቷችኋል በያቸው። ልጃቸውን ሊወስዱ ከመጡ በሩ ክፍት ነው።»

ፋሪዳ አልተረጎመችም። አፏን በእጇ ይዛ ቀረች።

መተርጎም ያስፈለገ አልመሰለኝም። እማ ፋጡሜ በሩ የሚለውን ሰምተዋል። የገበያ አማርኛቸው ለዚያ ይበቃል። ግድግዳውን ይዘው ተነሱ፣ ነጠላቸውን አስተካከሉ፣ ፌስታላቸውን አነሱ። ፋሪዳ ልትናገር ስትል እጃቸውን ብድግ አደረጉ፦ «ሂንሂሚን»። ጎንበስ እንዳሉ ወጡ። ለኔ ኩራት መሰለኝ ያ ጎንበስ ማለት፣ አላይህም እንደማለት።

ፋሪዳ ተከተለቻቸው። ከበሩ ላይ ዞራ አየችኝ። እንዲያ አይታኝ አታውቅም። በባጃጅ መናኸሪያ ሄዱ።

ቤቱ ጭር ብሏል። ልክ ነበርሁ አይደል? ሊወስዷት ነበር፤ ወሰዷት።

ልክ ከሆንሁ ታዲያ ምነው እንዲህ...

ኅዳር 13

ሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ ደወለች። «ና» አለች። ሌላ ቃል አልጨመረችም።

ኅዳር 15

ደሴ። የሆስፒታል ግቢ ውስጥ ዛፍ ሥር ሆኜ ነው የምጽፈው።

ትናንት ወዲያ ጨፋ ሮቢት ስደርስ እማ ፋጡሜ መንገድ ዳር ካለ ሱቅ በረንዳ ላይ ወድቀው ነበር። ሆዳቸው እንደ ከበሮ ተነፍቷል። ይገላበጣሉ፣ ይኮማተራሉ፣ ይዘረጋሉ፣ ነጠላቸውን ነክሰው። ከአፋቸው የሚወጣው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ጋራን ኮ... ጋራን ኮ...»

ኮ። የኔ።

መኪና አግኝተን ስንጓዝ ራሳቸው ጭኔ ላይ ነበር። አማትና አማች የሚባለው ነገር የት እንደገባ አላውቅም። እጄን ጨብጠው አለቀቁም። ፋሪዳ እግራቸውን ይዛ ዱዓ ታደርጋለች፣ እኔን አታናግርም። ኮምቦልቻን ስናልፍ ብቻ፣ መስኮቱን እያየች ነገረችኝ። ሕመሙ ከክረምት ጀምሮ እየመጣ ሲሄድ ነበር። እኛ ጋ የመጡት ለመታከም ነው። ያን ቀን ገበያ ብለው የወጡት ሆድ የምታሽ ሴትዮ ዘንድ ነበር። ስልክ የምትደውልላትም የሐኪም አድራሻ የምታፈላልግ የአክስቷ ልጅ ናት። ፌስታሉን ያልፈቱት ዛሬ ሻል ካለኝ ነገ እሄዳለሁ እያሉ ነው፣ ሸክም ላለመሆን። «ስለ ሆዴ ለአማቼ አይነገርም፣ ነውር ነው ብላ አስማለችኝ» አለች።

ሲኒውስ? አልጠየቅሁም።

ሐኪሙ ወጣት ነው። ትልቁ አንጀታቸው ተጠምዝዞ ነበር፣ ልክ እንደ ገመድ አለን፣ በሁለት እጁ ጨርቅ እንደሚጨምቅ ሰው አድርጎ እያሳየ። ደም አጥቶ የሞተውን ቆርጠው አወጡት። ትንሽ ቢዘገይ ኖሮ... አልጨረሰውም። አልሐምዱሊላህ፣ ተርፈዋል።

ለፋሪዳ፣ ስለኔ የተነገረ መስሎኝ ነው አልኋት።

«አንተን ጠማማ ያለህ ሰው የለም» አለች። «ራስህ ነህ ያልኸው።»

ቀጥላ ደግሞ፣ መሐላውን ማፍረስ ነበረብኝ አለች። ለኔ አይደለም የተናገረችው፣ ለራሷ ነው።

ኅዳር 21

ለሥራ ብቻዬን ተመለስሁ። ፋሪዳ እናቷን ይዛ በዚያው ወደ ገጠር ትሄዳለች። መቼ ትመጫለሽ አላልኋትም። አፌ አልደፈረም።

ቤተ መጻሕፍት ገብቼ ያን ቃል እንደገና ፈለግሁት። ያን ቀን ያላነበብሁት ሦስተኛው ትርጉም አሁን ሰዎች የሚናገሩበት እሱ ብቻ ነው። ክር ማክረሩም፣ ቃል ማጣመሙም በጊዜ ብዛት ተረስተዋል። የቀረው፦ ከሕመም የተነሳ ሰውነት መጠማዘዝ።

እባቡም እንደዚያው ነበር። ስሙን እያስተማርሁ እባቡ እንደታመመ ለልጆቹ አልነገርኋቸውም።

ኅዳር 29

ጀሚልን አስተምረኝ አልሁት። ለምን አላለኝም። ያቺን ‹ኮ› እና ‹ኢሳ› ያምታታሁባትን ዓረፍተ ነገር ነገርሁት፣ እንዴት እንደሆነች። ከሁለት ዓረፍተ ነገር አንድ ሠርተሃላ አለኝ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ይቀልድበት ነበር። ዛሬ አልቀለደም።

ሻይ እየጠጣን ግስ እናረባለን። ምላሴ እንደ ድንጋይ ነው።

ታኅሣሥ 9

ፋሪዳ ደወለች። እናቷ ገንፎ መብላት ጀምረዋል። ያንን ብቻ ነግራኝ ዘጋች።

ገንፎ መብላታቸው ደስ አለኝ። «ያንን ብቻ» ለምን እንደሆነ ሳሰላስል ግን ከሰዓቱ አለፈ። ማን ዘንድ ሆና ደወለች? ከኋላዋ የወንድ ድምፅ ነበር... አጎቷ ነው ወይስ ሽማግሌ ሰብስበዋል? እንደገና ጀመርኸው አልሁ ለራሴ። ይሄ ነገር በአንድ ቀን አይለቅም።

ታኅሣሥ 20

ዛሬ ሄድሁ። ሳልነግራቸው።

ግቢው ውስጥ፣ ጥላ ሥር፣ አጎዛ ላይ ተቀምጠዋል። ከስተዋል። ፋሪዳ ማሽላ ታበጥራለች። ስታየኝ ሰፌዱን ይዛ ቆመች።

በመንገድ ሁሉ ስለማመድ የመጣሁት ኦሮምኛ ጠፋብኝ። አጎንብሼ ጉልበታቸውን ያዝሁና በአማርኛ ወጣልኝ፦ «እማ፣ አፉ ይበሉኝ። መድኃኒቱንም የደፋሁት እኔ ነኝ።»

እጃቸውን ራሴ ላይ አሳረፉ። አላውቅ ነበር መሰለህ? አሉኝ በአማርኛ፣ እየሰባበሩ። እንደዚህ ቀጥታ ሲያናግሩኝ የመጀመሪያቸው ነው።

ፊታቸውን ወደ ፋሪዳ መለሱና በኦሮምኛ «ጎዋ ከና ኛቺሲ» አሉ።

ፋሪዳ ተርጓሚ መሆኗን አልረሳችም። ሰፌዱን አስቀመጠች። ከንፈሯን ነክሳ፣ «እንኳን ደህና መጣህ፣ የቤቱ ልጅ ነህ፣ ምሳ ብላ እያለችህ ነው» አለችኝ።

ጎዋ ሞኝ ነው። ከና ይሄን። ኛቺሲ፣ አብዪው። ይሄን ሞኝ አብዪው ነው ያሉት።

አየኋት። አየችኝ። እንደገባኝ አወቀች መሰለኝ፣ ጉንጯ ላይ የሆነ ነገር ሊመጣ ሲል ቶሎ ዞረች።

«አሚን» አልሁ።

አቀረበችልኝ። በላሁ። እናትና ልጅ ከጀርባዬ በኦሮምኛ ማውራት ጀመሩ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ ረጅም። ግማሹ ገባኝ፣ ግማሹ አልገባኝም። አንድ ቦታ ላይ «ኢሳ» ሲሉ ሰማሁ፣ ከዚያ ሁለቱም ሳቁ።

ወጡ ጣፋጭ ነበር። ጨመረችልኝ።