ያልሸጥኩላችሁ ላም

ውድ ኛኳች፤

እንዴት ነሽ? አንጀትሽስ? አዲስ አበባ ገብቶ ጨዋ ሆነ ወይስ አሁንም እንደ ኢታንግ ከብት ይጮሃል? ፊደሌን ታገሺው፤ ከሰባተኛ ክፍል ያባረሩኝ በከንቱ አይደለም።

እኔ ደህና ነኝ። ትናንት የወረዳውን ዘበኛ ባርኔጣ ዶሮ ላይ ደፋሁት። ባርኔጣው በእግሩ ሄደ። ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔ ግን ዞር ብዬ አንቺን ፈለግኩ፤ ሁልጊዜ የምትቆሚበት የአባቴ ሱቅ በር ላይ የጨው ጆንያ ብቻ ነበር። ክልል ከሆንን ወዲህ ምን አዲስ ነገር አለ ብትይ ቢሮ ነው። ከወንበሩ በፊት ማህተሙ ይደርሳል።

አሁን ዋናውን ልንገርሽ። ላሟን አልሸጥኳትም።

ሹፌሩ ጀማል መልእክትሽን አድርሶናል፦ ሐኪም ቤቱ ለቆሻል፣ መሳፈሪያ የለሽም፣ ግራጫዋ ላም ተሸጣ ዝናቡ መንገዱን ሳይዘጋው እንድትገቢ። ትልልቆቹ ወንድሞችሽ ከብቱን ይዘው ሩቅ ግጦሽ ናቸው፤ ይቺ ከስታ መሄድ ስላቃታት ነው እቤት የቀረችው። እናትሽ ገመዱን እጄ ላይ አድርጋ «ነጂብ፣ አንተ ምላስ ረጅም። ሽጥ፣ ልጄን አምጣ» አለችኝ። ባሮ ወንዝ ወስጄ የኋላ እግሯን በሳሙና አጠብኩላት። ለምን እንደሆነ ታውቂያለሽ፤ ከበጋው መግቢያ ጀምሮ እያስቀመጣት ነው።

ወደ ገበያ ስንሄድ ያ የፊተኛው ደብዳቤሽ ትዝ አለኝ። እዚህ የአንጀት ቲቢ ነው ተብለሽ ኪኒኑን ወራት ዋጥሽ፤ አልተሻለሽም። እዚያ በመሣሪያ አይተው፣ ቲቢ ሳይሆን አንጀትን የሚያቆስል፣ ተሻለኝ ሲሉት የሚመለስ በሽታ ነው አሉሽ። ከዚያ ሽማግሌው ሐኪም አልጋሽ አጠገብ ለተማሪዎቹ ሲያስረዳ ሰማሽ፦ የቲቢ ጀርም ዘመድ አለ፤ ላም ውስጥ ሲገባ እየበላች ትከሳለች፣ ያስቀምጣታል። በወተት ወደ ሰው ተሻግሮ ይህንን በሽታ ያመጣ ይሆናል ብለው የሚጠረጥሩ አሉ፤ ግን አልተረጋገጠም። «የኛን ግራጫ ያያት ይመስላል» ብለሽ ጻፍሽልኝ። ያኔ ስቄያለሁ።

ገበያ ላይ እትዬ እናትነሽ የሚባሉ ከሰፈራ ጣቢያ የሆኑ ሴትዮ መጡ። የልጅ ልጃቸውን አዝለዋል።

«ምነው ከሳችሳ?»

«ፍቅር ይዟት ነው እትዬ።»

ሳቁ። «ወተትስ አላት?»

«አላት።»

«ለዚህ ነው የፈለግኳት። እናቱ የለችም፤ ጡት ሳይጠግብ ነው የቀረ።»

«አፍልተው ነው የሚሰጡት?»

«ምን ሲደረግ? ከሥሯ ትኩስ ትኩሱን እንጂ።»

ልጁ በትከሻቸው ላይ አየኝ። ያ እናትሽ ያመነችው ምላሴ እምቢ አለኝ።

«እትዬ፣ ይተዋት። በሽተኛ ናት።»

«አሃ፣ ዋጋ ልትሰቅል።»

«እናቴ ትሙት፣ ያስቀምጣታል።»

ጎናችን ያለው ፍየል ሻጭ ጣልቃ ገባ። «እሱን አይስሙት እትዬ። ባለፈው የራሴን ፍየል ለራሴ ሊሸጥልኝ ነበር።»

ሴትዮዋ ዋጋ ጨመሩ። ጅራቷን አነሳሁ፤ ንጹሕ፣ ሳሙና ሳሙና ይሸታል። ሳያስቀምጣት ውላ የማታውቅ ላም ያን ቀን እንደ ሙሽራ ጨዋ ሆነች። እውነቱን በደጋገምኩ ቁጥር ገበያው ይስቃል። በመጨረሻ ገመዱን ይዤ ሄድኩ። ሴትዮዋ ከኋላዬ «የሰው ቀን የሚያባክን ባለጌ» አሉኝ።

እናትሽ ደጅ ቆማ ነበር። ገመዱን አየች።

«ልጄስ?»

ነገርኳት።

«ሐኪም ላሜን አየ?»

«አላየም።»

«ሳያይ?»

«ይጠረጥራል እንጂ እሱም እርግጠኛ አይደለም።»

«አንተስ?»

«እኔም።»

ላሟን አሰረች። የፈላ ወተት ላም ያደርቃል የምትለው እናትሽ፣ ለታናሽ ወንድምሽ ያለበችውን እሳት ላይ ጣደችው። ጀርባዋን ሰጥታኝ ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ነበር። እየሳቀችብኝ መስሎኝ ቀረብኩ። አልነበረም።

እንግዲህ ኛኳች፣ ከዝናቡ በፊት አትመጪም። ያስቀረሁሽ እኔ ነኝ፣ «ይሆናል» በሚባል ነገር። ልጁ ጠጥቶት ምንም ላይሆን ይችል ነበር። መሳፈሪያሽን እንዲሰጠኝ አባቴን ጠየቅኩት፤ «የዛሬው ደግሞ ምን ዓይነት ቀልድ ነው?» ብሎ ሚዛኑን መወልወል ቀጠለ። ጀማል ግን እሺ ብሎኛል። ከዛሬ ጀምሮ ጭነቱን በነፃ እጭንለታለሁ፣ አወርድለታለሁ፤ ከክረምት በኋላ መንገዱ ሲከፈት ጋቢና አስቀምጦ ያመጣሻል። እስከዚያ መድኃኒትሽን እንዳታቋርጪ።

እውነት ስናገር የሚያምነኝ ሰው ኢታንግ ውስጥ እንደሌለ ገበያው አሳወቀኝ። አንቺ ዓይኔን አይተሽ ትለዪው ነበር። ወረቀት ደግሞ ዓይን የለውም። ቢሆንም እጽፈዋለሁ፤ ናፍቀሽኛል። ይህን ስጽፍ እየሳቅኩ አይደለም።

መንገዱን የሚጠብቅልሽ፣
ነጂብ