ጡረተኛውን ካሚዮን ለሰው አገልግሎት ያበቁት የጋሽ ብሎን የሕይወት ታሪክ

ሰፈሩ ሁሉ «ጋሽ ብሎን» እያለ የሚጠራቸው ወንድማችን፣ ከአናጢው አባታቸውና ከሰል ቸርቻሪ ከነበሩት እናታቸው፣ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ባለችው ባለ አንድ ክፍል ቤት፣ በሰኔ ወር፣ ጣሪያው በሦስት ቦታ እያፈሰሰ ሳለ ተወለዱ። ታላቅ እህታቸው ያኔ የሰባት ዓመት ልጅ ስለነበረች ቀኑን የምታውቀው ከወረቀት ሳይሆን በዓይኗ አይታ ነው። ማክሰኞ ነበር። አዋላጇ ውሃ ስትጠይቅ ሦስት ጊዜ የተመላለሰችው እሷ ናት። በዕድሜያቸው ላይ የሚከራከር ካለ ከእሷ ጋር ይነጋገር።

ገና ዳዴ ሲሉ ጀምሮ እጃቸው አርፎ አያውቅም። አባታቸው በር ሲገጥሙ እሳቸው ከታች ማጠፊያውን ይፈቱ ነበር። እናታቸው ሱሪያቸውን ሊያጥቡ ሲያራግፉት ከኪሱ ብሎንና ዳዶ ሳይረግፍ የቀረበት ቀን የለም፤ ስሙም የወጣላቸው በዚሁ ነው። ወረቀት ላይ ያለውን ስማቸውን ዛሬ ከእህታቸውና ከመዝገብ ቤቱ በቀር የሚያስታውስ የለም።

የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርታቸውን በሰፈሩ ትምህርት ቤት ተከታትለዋል። «ተከታትለዋል» የሚባለው ለወጉ ነው እንጂ ትምህርቱ ከፊት ይሄዳል፣ እሳቸው ከኋላ ቀርተው የዴስክ እግር ያጠብቃሉ። ስድስተኛ ክፍል ሳሉ የትምህርት ቤቱን ደወል ማንም ሳያዛቸው ፈተው ገጠሙት። ዳይሬክተሩ «ወላጅ አምጣ» አሉ፤ ደወሉ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ወንዝ ማዶ ይሰማ ጀመር። ከስምንተኛ ክፍል በኋላ ሙያ ማሠልጠኛ ገብተው በመካኒክነት ተመረቁ። በሃያ ዓመታቸው በማዘጋጃ ቤቱ ጋራዥ ተቀጥረው፣ ከረዳትነት እስከ ዋና መካኒክነት ሃያ ሁለት ዓመት አገለገሉ። የቆሻሻውንም፣ የውሃ ቦቴውንም፣ የሹሙንም መኪና በአንድ ዓይን ነው ያዩት።

በሃያ ስምንት ዓመታቸው ልብስ ሰፊዋን ባለቤታቸውን አግብተው አንዲት ሴትና አንድ ወንድ ልጅ አፍርተዋል። እህታቸው መጀመሪያ «ቀጭን ናት፣ ንፋስ ይወስዳታል» ብላ ነበር። ተሳስታለች። ንፋሱ እስከ ዛሬ አልቻላቸውም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። አርባ ሁለት ዓመት በሞላቸው ዓመት፣ ሠራዊቱ ያረጁ ካሚዮኖቹን ለሲቪል ሊሸጥ ነው የሚል ማስታወቂያ ተለጠፈ። ከድንጋይ ካባው በላይ ያለው መንደር መንገዱ የዓመቱን ግማሽ ጭቃ ነው። መኪና ስለማይወጣው ሕመምተኛ በሰው ትከሻ ይወርድ ነበር። ጋሽ ብሎን ይህን ሲያዩ ኖረዋል። ማስታወቂያውን ሁለት ጊዜ አነበቡና ሥራቸውን ለቀቁ። የገዙት ባለ ስድስት ጎማ ካሚዮን በሌላ መኪና ተጎትቶ፣ ሸራ የለው ወንበር የለው፣ ራሰ በራ ሆኖ እህታቸው ግቢ ገባ፤ የእሳቸው ኪራይ ቤት ለብስክሌት እንኳ ቦታ አልነበረውም።

«አንተ ልጅ፣ ከማን ጋር ልትዋጋ ነው?» አለቻቸው እህታቸው፣ የልብስ ማስጫ ገመዷ ጎማ ስር ሲገባ አይታ።

«እትዬ፣ ይሄ እኮ ጡረታ የወጣ ነው።»

«ጡረተኛማ ጥግ ይዞ ይቀመጣል እንጂ የሰው ገመድ አይበጥስም!»

ካሚዮኑ ከዚያች ሰዓት ጀምሮ «ጡረተኛው» ተባለ። በሳምንቱ የተሽከርካሪ መርማሪው መጥቶ ዞር ዞር ብሎ አየውና ፈረደ። በሠላሳ ቀን ውስጥ ሰው ለመጫን ብቁ ሆኖ ምርመራ ካልቀረበ፣ ተቆራርጦ ወደ ብረት ማቅለጫ ይሄዳል። ጋሽ ብሎን ሥራ ለቀዋል፤ ሁለት ልጅ ትምህርት ቤት አለ፤ ሌላ መውጫ የለም።

እነዚያን ሠላሳ ቀናት ያየ ሰው ሠርግ የተደገሰ ይመስለው ነበር! ግቢው በመዶሻና በብየዳ ሲንጫጫ ይውላል፤ አላፊ አግዳሚው ሁሉ ጎራ እያለ አንድ ነገር ያቀብላል፣ አንድ ምክር ይወረውራል። የጡረተኛው መብራት ከጠላት ለመደበቅ የተሠራ ስንጥቅ ስለነበር አውልቀው ትልልቅ መብራት ገጠሙለት። የመጀመሪያዎቹ አምፖሎች ባንዴ ቦግ ብለው ተቃጠሉ። የወታደር መኪና የኤሌክትሪክ ኃይል ከሌላው እጥፍ መሆኑን ዋና መካኒኩ ያን ዕለት በደስታ ብዛት ረስተውት ነበር። ከፊት ለፊቱ ዊንች አሰሩለት፤ ጭቃ ሲውጠው የሽቦ ገመዱን ከዛፍ ጋር አስሮ ራሱን በራሱ ይጎትታል። ወንዝ ሲሻገር ሞተሩ ውሃ እንዳይጠጣ የአየር መሳቢያውን ቱቦ ከካቢኑ ጣሪያ በላይ አወጡት። ሁለተኛ ስኮርታ ጎማ ከካቢኑ ጀርባ ሰቅለው፣ አንድ ሰው ብቻውን እንዲያወርደው በእጅ የሚዞር ትንሽ ማንሻ ሠሩለት። ከሞተሩ ጋር የሚሠራ ኮምፕረሰርም ገጠሙ፤ ጎማ በየትም ቢተነፍስ እዚያው ይነፋል። ጎረቤታቸው ጎሚስታው ይህን አይቶ፣ «ጋሽ ብሎን፣ ጉሮሮዬን ዘጉት እኮ!» አለ። ቱቦውን ይዞ ሲያግዝ የዋለው ግን እሱው ራሱ ነው።

ሰው የሚሳፈርበትን መሰላል የሠሩት በገዛ እግራቸው ለክተው ነበር። እህታቸው ልትሞክረው ወጣች፤ አንድ እግሯ ላይ፣ አንድ እግሯ ታች ቀረ።

«ይሄ ለሰው ነው ለግመል? እርጉዝ ሴት በየት በኩል ልትወጣ ነው?»

በማግስቱ መሰላሉ ሁለት እርከን ወደ ታች ጨምሯል፣ በግራና በቀኝም የእጅ መያዣ አብቅሏል። ባለቤታቸው ሸራውን በእጅ መርፌ ሰፍተው፣ ልጆች ውጭውን እንዲያዩ ጥርት ባለ ላስቲክ መስኮት አበጁለት። አግዳሚ ወንበሮቹ መደገፊያና ስፖንጅ ለበሱ። የወታደር ቀለም ለሲቪል ስለማይፈቀድ ሰማያዊ ተቀባ፤ የእህታቸው ዶሮዎችም ሦስት ቀን ሰማያዊ ሆነው ዋሉ።

በሠላሳኛው ቀን ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ሞተሩ ተነሣ። ምርመራው ሁለት ሰዓት ላይ ነው። ጋሽ ብሎን በየመንገዱ ያለውን ድልድይ፣ የምርመራ ጣቢያውን ጣሪያ ሳይቀር ለክተዋል። ያልለኩት የግቢውን በር ብቻ ነበር። ራሰ በራ ሆኖ የገባው ካሚዮን አሁን ሸራ የተሸከመ ቅስት ብረት አብቅሎ፣ ከበሩ የሲሚንቶ ጉበን በአራት ጣት በልጦ ቆመ። ባለቤታቸው «ቅስቱን በብሎን እሰረው፣ ሲያስፈልግ ይወልቃል» ብለው ነበር፤ እሳቸው ግን እንዳይንኳኳ ብለው በየዱት። ዕድሜያቸውን ሙሉ በብሎን የተጠሩ ሰው ያን አንድ ነገር በየዱት! ልቁረጠው ቢሉ የግማሽ ቀን ሥራ ነው።

ያንን በር እህታቸው ናት ያሠራችው፣ በአሥራ አንድ ዓመት ልፋት። ወንድሟ ጉበኑን ቀና ብለው አይተው አቀረቀሩ። ሊጠይቋት አፋቸው እንዳልደፈረ ስለገባት መዶሻውን ራሷ አንሥታ መጣች።

«እንካ፣ አፍርሰው።»

«አላፈርስም፣ እትዬ።»

«ልጆችህን መዶሻ ልታበላ ነው? አፍርስ አልኩህ!»

«ያንቺን በር አፍርሶ የሚወጣ መኪና የትም አያደርሰኝም» አሉና፣ መሬት ላይ ቁጢጥ ብለው ጎማዎቹን ማየት ጀመሩ። እያዩ ሳለ ፊታቸው በራ። «ጎሚስታ! አስተንፍስ!»

ስድስቱም ጎማ ተነፈሰ። ጡረተኛው ሦስት ጣት ዝቅ አለ። አንድ ጣት ቀረ። ያኔ ጋሽ ብሎን ባሌስትራው ሰው ሲጫንበት እንደሚረግብ አስታውሰው መንገዱ ላይ ወጥተው ተጣሩ። ዳቦ ጋጋሪው ከነሽርጡ መጣ፤ ሥጋ ሻጩ መጣ፤ የወፍጮ ቤቱ ሠራተኞች ዱቄታቸውን ሳያራግፉ መጡ። ሰው ሁሉ «ሴቲቱ ተራራ» የሚላቸው የባለቤታቸው አክስት በአዲሱ መሰላል ሲወጡ ካሚዮኑ ራሱ ተነፈሰ።

«ዛሬ ገና ለውፍረቴ ሰው እጅ ነሣኝ!» አሉ አክስትየው፣ መሐል ወንበሩን ሞልተው።

እህታቸው ከበሩ ፊት ለፊት ቆማ ወደ ኋላዋ እየሄደች መራች። «ወደ ቀኝ! አንተ ልጅ ቀስ! ከላይ ያለው ሰው አይነቃነቅ፣ ትንፋሻችሁንም ዋጡት!» ሸራው ጉበኑን እሽሽሽ እያለ አሸው። አንድ ስፌት ተተረተረ። ከዚያ የኋላ ጎማው ደፉን ተሻገረና ሰፈሩ በእልልታ ተናጋ! ኮምፕረሰሩ ጎማዎቹን አንድ በአንድ ነፋቸው፤ ለሁለት ሰዓት አምስት ደቂቃ ሲቀረው ጡረተኛው ቀጥ ብሎ ምርመራ ጣቢያ ደረሰ። የተጫነው ሕዝብ አልወርድም ስላለ አብሮ ሄዷል።

መርማሪው መብራት አስበራ፣ ፍሬን አስረገጠ፣ በመሰላሉ ወጥቶ ስፖንጁ ላይ ተቀመጠ። «ይሄን ሁሉ ማን ሠራው?» ቢል ሰላሳ ሰው ባንድ አፍ «እኛ!» አለው። ቦሎውን ለጠፈ።

ከዚያ ወዲህ ሃያ ዘጠኝ ዓመት ጡረተኛው ከካባው በላይ ወጥቶ ወርዷል። አስተማሪ አድርሷል፣ ሙሽራ አውርዷል፣ የታመመ አሳክሟል፤ በሸራው ስር ሁለት ሕፃናት ተወልደዋል። ጋሽ ብሎን አንድ ነገር ሳይጨምሩለት ያለፈ ዓመት የለም፤ የውሃ በርሜል ማቀፊያ፣ የአካፋ መስቀያ፣ ተኝቶ ለሚሄድ ሕመምተኛ የሚታጠፍ አልጋ። ሴት ልጃቸው ከሃያ ዓመቷ ጀምሮ አብራቸው ነዳች፤ እጇም የእሳቸው እጅ ሆነ።

ባለፈው ዓመት ሳንባቸውን ታመው አልጋ ያዙ። በዚያው ሰሞን ያረጁ ካሚዮኖች ከባድ ምርመራ እንዲያልፉ፣ የማያልፉት ለዘላለም ከመንገድ እንዲወጡ ታዘዘ። ብረት ገዢዎች በር ማንኳኳት ጀመሩ። ጋሽ ብሎን «አይሸጥም» ከማለት በቀር አልተናገሩም። ልጃቸው አንድ ወር ሙሉ ፍሬኑን ፈታ አደሰች፣ በየወንበሩ ቀበቶ አሰረች፤ እሳቸው በመስኮት በኩል ድምፁን እያዳመጡ «ያኛው ገና አልጠበቀም፣ አንዴ ድገሚው» ይሏት ነበር። በሽታቸው ላይ ሐኪሙ ተስፋ ቆርጧል፤ እሳቸው የሚጠብቁት የዚያን ምርመራ ውጤት ነበር።

ሰኞ ኅዳር ዘጠኝ ቀን ልጃቸው ጡረተኛውን ይዛ በጠዋት ወጣች። ሦስት ሰዓት ላይ ዓይናቸውን ገለጡ።

«እትዬ፣ አለፈ?»

የደወለ አልነበረም። እህታቸው ሰባ ስምንት ዓመት እውነቱን በሰው ፊት ላይ ስትወረውር የኖረች ሴት ናት።

«አልፏል» አለች።

«ምን አሉት?»

«‹ይሄ የማን እጅ ነው?› ብለው ጠየቁ አሉ። ‹የአባቴና የእኔ› አለቻቸው።»

ጋሽ ብሎን በቀረቻቸው ትንፋሽ ሳቁ። ጠዋት አራት ሰዓት ላይ፣ በተወለዱ በሰባ አንድ ዓመታቸው፣ ባለቤታቸው እጃቸውን እንደያዟቸው አረፉ። አምስት ሰዓት ላይ የካሚዮኑ ድምፅ መንገዱ ላይ ተሰማ። ልጅቱ ወረቀቱን በእጇ ከፍ አድርጋ ስትወርድ ቤቱ ያለቅሳል። አልፎ ነበር። እህታቸው በሕይወቷ አንድ ጊዜ ዋሸች፤ ውሸታም ሆና የቆየችውም ሁለት ሰዓት ብቻ ነው። ይቅር በሏት፤ ባትሏትም ግድ የላትም።

ጋሽ ብሎን ባለቤታቸውን፣ ሴትና ወንድ ልጆቻቸውን፣ ሦስት የልጅ ልጆቻቸውን፣ ታላቅ እህታቸውንና ከካባው በላይ ያለውን መንደር በሙሉ ትተው ሄደዋል። ጡረተኛው ነገ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል እንደ ወትሮው ይወጣል። ልጃቸው ትነዳለች። ኀዘን ነው ብላችሁ እንዳትቀሩ፣ ላይ ሰው ይጠብቃችኋል።

ፈጣሪ ነፍሳቸውን ጭቃና ዳገት በሌለበት ያሳርፍልን። እዚያም የላላ ነገር ካለ እሳቸው ያጠብቁታል። አሜን።