ተራው የእትዬ አስካለ ነው

እሑድ፣ ጥቅምት 23

መርዶ ነጋሪ አደረጉኝ! ከቅዳሴ መልስ ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ዛፍ ጥላ ስር ቆመን፣ የዚህ ወር የመድኃኔዓለም ማህበር እትዬ አስካለ ቤት እንዳይሆን ተስማማን። የማህበሩ ሙሴ ጋሽ ሞገስ፣ «ባሏ ታሞባት እንዴት ደግሳ ታብላን? ዘንድሮ ትረፍ» አሉ። ሁሉም ራሱን ነቀነቀ፤ እኔም ነቀነቅኩ። ከዚያ ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። «ጽጌ፣ በር ለበር ናችሁ። አንቺ ንገሪያት።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ጽዋው በየወሩ በ27 ከቤት ቤት ይዞራል። ባለፈው ወር ማህበሩ ሲበተን መውሰድ የነበረባቸው እትዬ አስካለ ነበሩ። እሳቸው ግን ያን ቀን ሆስፒታል ነበሩ። ባለቤታቸው ጋሼ ታደሰ በድንገት ወድቀው፣ ቀኝ ጎናቸው አልታዘዝ ብሎ፣ ምላሳቸውም ተይዞ። ስለዚህ ከእሳቸው ቀጥላ ያለችው ሸዋዬ ጽዋውን ይዛ አስኮ፣ ቤቷ ገባች። አሁን እዚያው ይደገስ ተባለ።

ከሰዓት ብርቱካን ይዤ ገባሁ። ልናገር ነበር። እትዬ አስካለ እያዜሙ የጋሼ ታደሰን ጢም ይላጫሉ። «አትነቃነቅ፣ ሙሽራው» ይሏቸዋል። ሙሽራው ግድግዳ ግድግዳውን ያያሉ። ብርቱካኑን ሰጥቼ ወጣሁ። ፈሪ ነኝ፣ ምን አለፋኝ።

ሰኞ፣ ጥቅምት 24

ነገርኳቸው። እጄን ይዘው ጓዳ አስገቡኝ። በርሜሉን ከፈቱት። ጠላ! ጠምቀው፣ ደርሶ፣ ሽታው ያውዳል። በሽተኛ እያገላበጡ መቼ እንደጠመቁት እንጃ። በር ለበር ሆኜ እንኳ አልሰማሁም።

«ተራዬ አይደለም እንዴ?» አሉኝ።

«አዝነንልዎት ነው፣ እትዬ።»

«እግዜር ይስጣችሁ። ግን ተሳስታችኋል። ሸክሙ ሌላ ነው፤ ይሄ እኮ የማርፍበት ነው።»

«ጋሼ እንዲህ ሆነው…» ብዬ ጀመርኩ።

«እግዚአብሔር መልካም የሚሆነው ታደሰ ሲናገር ብቻ ነው?»

እኔ ግን አፌ አያርፍም፤ ደስታቸው የእውነት ይሁን ወይስ ለእኛ ለጎረቤቶች ብለው እንደሆነ ጠየቅኳቸው። ይቆጡኛል ብዬ ነበር። አልተቆጡም።

«ጠዋት ጠዋት ደስታ የሚባል ነገር የለኝም» አሉ። «ባኞ ቤት ገብቼ አለቅሳለሁ። ከዚያ ፊቴን እታጠብና፣ ጌታዬ፣ ዛሬም ደስታህን ስጠኝ፣ እኔ ከኀዘኑ ጋር መዋል አልፈልግም እለዋለሁ። አንዳንድ ቀን ቶሎ ይሰጠኛል። አንዳንድ ቀን እስከ ምሳ ያስጠብቀኛል። እጠብቀዋለሁ።»

ቤቴ ገብቼ ስፌት መኪናዬ ላይ ተቀመጥኩ። የአንድ ተማሪ ዩኒፎርም እጅጌውን ገልብጬ ሰፋሁት። ፈትቼ እንደገና ሰፋሁ።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 25

ታችኛው ፎቅ የምትኖረው ሣራ ጋሼ ታደሰን ልትጠብቅልን ወጣች። እኔና እትዬ አስካለ በታክሲ አስኮ፣ ጽዋውን ልንቀበል።

ያልጠበቅነው ነገር፦ ሸዋዬም ጠምቃለች! ዱቄቱን አስፈጭታለች፣ የጌሾው ሽታ ቤቱን ሞልቶታል። ፊቷ ጠቆረ። «እኔስ የለፋሁት? ለመድኃኔዓለም ብዬ አይደል?» አለች። እውነቷን ነው። እኔ መሃል ቆሜ መሬት ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

እትዬ አስካለ ሸዋዬን ጉንጯን ሳሟት። «ጠላሽን ይዘሽ እኔ ቤት ነይ። ጓዳውን አንቺ ያዢልኝ። እኔ ታደሰን ልያዝ። ብቻዬን አልችለውም ብዬ ስፈራ ነበር፣ እህቴ፤ መድኃኔዓለም አንቺን አዘጋጅቶልኛል።» ሸዋዬ መኮሳተሯን ትታ አለቀሰች።

ለጋሽ ሞገስ ስልክ ደወልኩ። «በአንድ ወር ሁለት ተረኛ? የት አገር ታይቶ!» ብለው ጮኹ። እትዬ አስካለ ከጎኔ ሆነው፣ «እኛ አገር» አሉ።

እትዬ አስካለ ጽዋውን በነጭ ጨርቅ ሸፍነው ጭናቸው ላይ እንደያዙ ተመለስን። ወያላው እንኳ ሲያየው ድምፁን ቀነሰ።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 26

ውሃ የለም። ፈረቃው ዛሬ የእኛ ብሎክ ነበር፤ ቧንቧው አየር ብቻ ይተፋል። የቀረን ነገር፦ ውሃ። ብርጭቆ ከእኔ ቤት። ወንበር ከታች ቤቶች። ድፎው። ጋሽ ሞገስን ማባበል።

ሣራ ጄሪካን ተሸክማ አራተኛ ፎቅ ወጣች፣ ወረደች፣ ደግማ ወጣች። ጴንጤ ናት፤ ጠላ አትቀምስም፣ ማህበርም አትገባም። ላቧን እየጠረገች «ጌታ ይባረክ!» ትላለች። እትዬ አስካለ ሊጥ በነካ እጃቸው አቅፈዋት «አሜን!» ይላሉ።

ከሰዓት ግን ነገር ተበላሸ። ወንበሮቹ ሲገቡ ጋሼ ታደሰ አዩ። በግራ እጃቸው የመኝታ ቤቱን በር አሳዩ። ዝጉት ማለታቸው ነው። ደጋግመው አሳዩ። እንባቸው ወረደ። ማህበሩን ሲያስቁ የኖሩ ሰው ናቸው፤ እንዲህ ሆነው መታየት አልፈለጉም።

እትዬ አስካለ በሩን ቀስ ብለው ዘጉላቸው። ሲመለሱ ፊታቸው ሌላ ነበር። «ምናልባት እናንተ ልክ ነበራችሁ» አሉኝ። «እኔ ደስ ይበለኝ ብዬ እሱን ላሳፍረው?»

እሑድ ዕለት ራሴን ስነቀንቅ ይሄን ቢሉኝ እፎይ እል ነበር። ዛሬ ግን እንዳይተዉት ፈለግኩ። «ጠዋት እናያለን» አልኳቸው።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 27፣ መድኃኔዓለም

እንግዶቹ ሄደዋል። እጄ ገና ሳሙና ሳሙና ይላል። ሳልረሳው ልጻፈው።

እትዬ አስካለ ጋሼ ታደሰን አላስገደዷቸውም። ጠዋት ነጭ ሸሚዝ አልብሰው፣ መኝታ ቤቱ ውስጥ በሩን ፊት ለፊት የሚያይ ወንበር ላይ አስቀመጧቸው። «ሰው ሲመጣ በሩን ልዝጋው? እንዳልከኝ አደርጋለሁ» አሏቸው። እኔና ሸዋዬ ጓዳ ሆነን ጆሯችንን አቆምን። ጋሼ ታደሰ ቆዩ፣ ቆዩ። እጃቸውን አላነሱም። በሩ ክፍት ቀረ።

የማህበሩ አባት መጡ፣ ጸሎት ተደረገ፣ ዳቦው ተባረከ። ጽዋው ከሰው ሰው ዞሮ ሲያበቃ አባ ይዘውት ወደ መኝታ ቤቱ ሄዱ። ጋሼ ታደሰ በግራ እጃቸው ተቀበሉ። ግማሹ በአገጫቸው ወርዶ ነጩን ሸሚዝ አራሰው።

ጋሽ ሞገስ ምንጣፉን ማየት ጀመሩ። ሸዋዬ ፎጣ ይዛ ተነሳች። የጋሼ ታደሰ ዓይን በሩን ሲፈልግ አየሁ።

እትዬ አስካለ ግን «እሰይ! ለሸሚዙም ደረሰው!» አሉና እልልታውን አቀለጡት።

መጀመሪያ የሳቁት አባ ናቸው። ከዚያ ጋሽ ሞገስ፣ ከዚያ ሁላችንም። ጋሼ ታደሰም ሳቁ! ያለ ድምፅ፣ በአንድ በኩል፣ ትከሻቸው እየተነቃነቀ። እትዬ አስካለ የተረፈውን ከዚያው ጽዋ ጠጡና የባላቸውን አገጭ በነጠላቸው ጠረጉ። ማንም ምንጣፍ አላየም ከዚያ በኋላ። ወንዶቹ ወንበራቸውን እየሳቡ መኝታ ቤቱን ሞሉት።

እኮራባቸዋለሁ። እኔ ሊፍት የለም ብዬ ስነጫነጭ፣ እዚሁ በር ለበር እንዲህ ያሉ ሰው አሉ።

አርብ፣ ጥቅምት 28

ጠዋት ብርጭቆዎቼን ልወስድ ሄድኩ። በሩ ገርበብ ብሏል። እትዬ አስካለ ከተደራረቡት ወንበሮች አጠገብ ወለሉ ላይ ተቀምጠው ያለቅሳሉ። ጋሼ ታደሰን ትን ሲላቸው አድሮ፣ እትዬ ዓይናቸውን አልከደኑም።

«ዛሬ አቃተኝ፣ ጽጌ። ለመንኩት፤ የለም። ፊቴንም ታጠብኩ፤ የለም።»

እኔ ጸሎት ላይ ቸኳይ ነኝ፤ ሰው ማጽናናትም አልችልበትም። ከአፌ የወጣው ይሄ ነው፦ «እንግዲያው ዛሬ ያልቅሱ። ደስ መሰኘቱን ለዛሬ እኔ ልያዝልዎት።»

ቀና ብለው አዩኝ። «ትችያለሽ?»

«እንጃ። ልሞክራ።»

ሶፋው ላይ አጋድሜ ጋቢ ደረብኩላቸው። አጥሚት አሙቄ ጋሼ ታደሰ ፊት ተቀመጥኩ። በማንኪያ ቀስ እያልኩ አጠጣኋቸው። ከዚያ፣ ማን ይሰማኛል ብዬ፣ ትናንት የተዘመረውን መዝሙር ጀመርኩ። ድምፄ አስቀያሚ ነው። ዜማውም መሃል ላይ ጠፋብኝ። ጋሼ ታደሰ ፊታቸውን አጨማደዱና በግራ እጃቸው የወንበሩን ክንድ መታ መታ አደረጉ። ዝም በይ ያሉኝ መስሎኝ አቆምኩ። አላቆሙም። መታ፣ መታ፣ መታ። ለካ ምቱን እያስያዙኝ ነው።

ከመጀመሪያው ጀመርኩ። እሳቸው እየመቱ፣ እኔ እየተከተልኩ። ነገ እትዬ አስካለ እንዴት ሆነው እንደሚነሱ አላውቅም። ዞር ብዬ ሳያቸው ግን እንቅልፍ ወስዷቸዋል።