ወደብ ላይ የሰጠሁት ግጥም

ውድ ምሥጋና፣

ስምሽን ከኮሌጁ ላሰርዝ እንደሄድሁ የተነገረሽ ውሸት ነው። መሄዴ ግን እውነት ነው። ትናንት ጠዋት ከፋሲሎ ባጃጅ ይዤ ሄድሁ። ከዲኑ ቢሮ ስወጣ ያየችኝ የጎረቤታችን የእናትዓለም ልጅ ናት። ልጅቱ ለእናቷ «እትዬ አገርነሽን ከቢሮ ሲወጡ አየኋቸው» አለች። እናቷ «ልታስወጣት ነዋ፤ ከመራዊው ሰርግ በኋላ ምን ፊት አላት» ብላ ጨመረችበት። ከምሳ በፊት ወሬው አዲስ አበባ፣ አባትሽ ጆሮ ደረሰ። እኔ ቢሮው የገባሁት የሙዚቃ ክፍሉ በየት በኩል እንደሆነ ለመጠየቅ ነው። ያን የሚያህል ግቢ አንድ የአቅጣጫ ምልክት የለውም። ይህንኑ ለዲኑ ነግሬው ወጣሁ።

ከትናንት ወዲህ ስልክ አታነሺም። አባትሽም «እማዬ፣ እባክሽ ልጅቱን ለጊዜው ተያት» ይለኛል። መተው ለሌላ ጊዜ ይሆናል፤ ከሰርጉ በፊት ያመለከትሽበትን ቦታ ኮሌጁ የሚጠብቅልሽ እስከ ዓርብ ብቻ ነው፤ ዛሬ ደግሞ ረቡዕ ነው። ስለዚህ እጽፋለሁ። ደብዳቤውን ጎረቤታችን ጌትነት ነገ በጠዋቱ በረራ ይዞልሽ ይመጣል። መንገዱ እንደምታውቂው ስለሆነ ለአውቶቡስ አላመንሁትም።

ስለ መራዊ እስከ ዛሬ ቁጭ ብለን አልተነጋገርንም። እኔ ያየሁትን ልጻፈው፤ ከተሳሳትሁ ታርሚኛለሽ።

ድንኳኑ ሞልቶ ነበር። ማሲንቆ መቺው አንዱን ዜማ እያዞረ፣ አንቺ እየተቀበልሽ፣ ሁሉም ነገር ደህና ይሄድ ነበር። የሙሽራዋ አጎት አቶ አዘዘ ከእናቷ ወገን ጋር ከአንበሳሜ ድረስ መጥቶ ከፊት ተቀምጧል። ተነሣና «ተቀበይ» አለሽ፤

የአንበሳሜ ልጅ ናት የእኛው የቤታችን፣
ዛሬ ዳርናት እንጂ አትወጣም ከእጃችን።

አንቺ «የመራዊ ልጅ ናት» ብለሽ ዘፈንሽው። ሰውየው ተሳስቶ መስሎሽ ነው፤ ሙሽራዋ ያን ድንኳን በተከለው ቤት ተወልዳ እንዳደገች ታውቂያለሽ። ሰውየው ግን አልተሳሳተም። ያን ሁሉ አገር አቋርጦ የመጣው ልጅቱ የእናቷም አገር ልጅ መሆኗን በሰው ፊት ለማስባል ነበር። የአባቷ ወገን እልልታውን አቀለጠው። አንዱ ጎረምሳ ደግሞ «አቶ አዘዘ፣ ዘፋኟ እንኳን አወቀችብህ» ሲል ሰማሁት። አቶ አዘዘ ጋቢውን ትከሻው ላይ መለሰና «እኔ የሰጠሁሽን ነው የምትዪው። አገር እንድታርሚ ማን ጠራሽ?» አለሽ። ከዚያ ወገኖቹን አስነሥቶ ማዕድ ሳይቀርብ ወጣ። የሙሽራዋ እናት በወንድሟ መንገድና በልጇ ወንበር መካከል ቆማ ስታለቅስ አየሻት። አንቺም ማይኩን መሬት ላይ አስቀመጥሽ፤ እስከ ዛሬም አላነሣሽውም።

ስንመለስ መኪና ውስጥ «እማዬ፣ እኔ እኮ ትክክለኛውን ነው ያልሁት» አልሽኝ። ትክክል ነበርሽ። ከትክክል ሌላ የሚያስፈልግ ነገር እንደጎደለሽ ገብቶኝ ነበር፤ ስሙን ግን አላወቅሁትም። ከዚያ አባትሽ ጋ ሄድሽ። እሱም የባህል ምግብ ቤት አገኘልሽ፤ በተቀዳ ዘፈን ላይ አፍሽን እያንቀሳቀስሽ ትከሻሽን ትመቻለሽ፤ የሚሰጥሽ ግጥም የለም፤ የምትሳሳቺበትም ቦታ የለም። አባትሽን አልወቅሰውም። ልጁ እንዳታለቅስ የፈለገ አባት የሚያገኘው ሥራ እንዲህ ያለውን ነው።

ኮሌጁ እንዴት ያለ እንደሆነ አላሳምርልሽም። የሙዚቃ ክፍሉ ከሐይቁ በኩል ያለ ቆርቆሮ ቤት ነው፤ ዝናብ ሲመጣ ትምህርቱ ይቆማል። ፒያኖው ከተቃኘ ዘመናት አልፈውታል። ተማሪዎቹ አንድ የባጃጅ ተራ እንኳ አይሞሉም። ድምፅንም፣ ክራርንም፣ የኖታ ንባብንም የሚያስተምረው አንድ ሰው ነው። መምህር ገድሉ ይባላል። ሸሚዙ አልተተኮሰም።

«ምን ልርዳዎት፣ እትዬ?» አለኝ።

«የልጅ ልጄ እዚህ ብትማር ምን ትሆናለች?» አልሁት።

«ምን እንድትሆን ይፈልጋሉ?»

«ጥያቄን በጥያቄ መመለስ እኔ ክፍል ውስጥ አይፈቀድም ነበር።»

ሳቀና ወንበር ሳበልኝ። ከእሱ ዘንድ የጨረሱትን እየቆጠረ ነገረኝ። አንዱ ጎንደር ሆቴል ውስጥ ክራር ይመታል። አንዷ ከሰኞ እስከ ዓርብ ሕፃናት ታስተምራለች፣ ቅዳሜና እሑድ ሰርግ ትሠራለች። አንዱ አዲስ አበባ ካለ አንድ ባንድ ጋር ውጭ አገር ደርሶ መጥቷል። አንዱ ባጃጅ ይነዳል።

«መዝፈኑን ተወው ማለት ነው?»

«ኧረ እየነዳ ይዘፍናል። ተሳፋሪ አልወርድ እያለ ያስቸግረዋል።»

ቀልዱን አልወደድሁትም። ባጃጁን አለመደበቁን ግን ወደድሁለት። «ትልቅ ትምህርት ቤት ብትሄድስ?» አልሁት። «እዚያ ጎበዝ መምህራን አሉ፤ ትማር» አለኝ። «ነገር ግን ብዙ ሰው ባለበት መድረክ በተራ ነው። እኛ ጥቂት ስለሆንን ተራ የሚባል ነገር የለንም፤ ሁሉም በየሳምንቱ ሰው ፊት ይቆማል፤ ቢደርስም ባይደርስም። የዚህ ሥራ እንጀራ ከአንድ ቦታ አይመጣም፣ እትዬ። ሰርግ አለ፣ ሆቴል አለ፣ ማስተማር አለ። ሁሉም ቦታ የሚጠየቀው ግን አንድ ነው፤ ወድቀሽ በሚቀጥለው ሳምንት እዚያው ትመለሻለሽ ወይ?»

ስምሽን ነገርሁት። «የመራዊዋ ናት?»

«እሷው ናት» አልሁት።

«ግጥሙን ሰምታዋለች ማለት ነው። ብዙዎቹ ሳይሰሙ ነው የሚዘፍኑት። መስማቱን ይዛ ከመጣች መቀበሉን እናስተምራታለን። ነገ ጠዋት ወደቡ ላይ ነን፤ ይምጡ።»

ዛሬ ጠዋት ሄድሁ። ተማሪዎቹ ማይክ የላቸውም፤ ወንበርም የላቸውም። ሊሰማቸው የመጣ ሰውም የለም፤ ከዘጌ የመጣ ጌሾ እየወረደ ነው፣ ተሸካሚው ይሯሯጣል፣ ዓሣ ሻጮቹ ይጣራሉ። መምህሩ የሚለው አንድ ነገር ነው፤ «ተሸካሚው ጆንያውን መሬት ካላስቀመጠ አልዘፈናችሁም።» አንዱ ተማሪ ዋሽንት ነፋ። ጥሩ ነፋ። ማንም ዞር አላለም። እኔ በሱ ፋንታ አፈርሁ፤ አንቺን በዚያ ቦታ አድርጌ አየሁሽ። ተነሥቼ ልሄድ ነበር።

ከዚያ ሱምያ ክራሯን ይዛ ቆመች። የጀልባ ሠሪው የሙኽታር ልጅ ናት፤ እናቷ መዲና እዚያው ዓሣ ትሸጣለች። ገና አንድ ስንኝ ሳትጨርስ አንድ ተሸካሚ ጆንያውን እንደተሸከመ «የሙኽታር ልጅ፣ ይሄን ድምፅ ለአባትሽ ጀልባ ሞተር አድርጊለት» አላት።

«ነዳጁን አንተ ከተሸከምህ እሺ» አለችውና ሳታቋርጥ ቀጠለች። ሰዉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ።

መምህሩ ወደኔ ዞረ። «እትዬ፣ ግጥም ይስጧት።»

«እኔ ለዘፋኝ ግጥም ሰጥቼ አላውቅም።»

«ሱምያም ከመምህርት ተቀብላ አታውቅም።»

ምሥጋና፣ እኔ በአዳሪ ትምህርት ቤት ሳድግ ከኅብረት መዝሙሩ ድምፅን ነጥሎ ማሰማት ያስቀጣ ነበር። ከዚያ ወዲህ ግጥም በጥቁር ሰሌዳ ላይ ሳስተምር ኖርሁ እንጂ ቆሜ ለሰው ሰጥቼ አላውቅም። አሁን ሁሉም ያየኛል፤ ዓሣ ሻጮቹ ሳይቀሩ። ያወቅሁት ግጥም ሁሉ ከራሴ ጠፋ። አፌ ላይ የመጣው ይህ ነው፤

ማዶ ያለው ጀልባ ወዲህ ቢመለስ፣
ልጄን ባየኋት ነበር ጀንበር ሳትጠልቅ።

እንዲህ ያለውን ተማሪ ቢያመጣልኝ በቀይ አሰምሬ እመልስለት ነበር። ተሸካሚው ወዲያው «እማማ፣ ይሄ እኮ ቤት አልመታም» አለ።

መዲና ከዓሣዋ ላይ ቀና ሳትል «ዝም በል፤ አንተስ ቤት አለህ?» አለችው።

ሱምያ ግን ተቀበለችው። ምንም አልነካችበትም፤ አላቃናችውም። ስንኙ በሚሰናከልበት ቦታ ቸኩላ አላለፈችውም፤ ክራሩን እየመታች ጠበቀችው፤ ሽማግሌ ደረጃ እስኪወርድ እንደሚጠበቅ። ሁለተኛ ስትለው «ልጄን» የሚለው ቃል ላይ ድምፅዋን ዝቅ አደረገችው። እኔ ጮክ ብዬ የተናገርሁት ቃል ነበር፤ ዝቅ ብሎ መባል እንደነበረበት ያን ጊዜ ገባኝ። ተሸካሚው ጆንያውን አስቀመጠ። እኔ ዓይኔን በነጠላዬ ጫፍ ጠረግሁ፤ የሐይቁ ንፋስ ነው ብዬ ለመዲና ነገርኋት፤ እሷም እሺ አለችኝ።

ሲያበቃ ሱምያን ጠራኋት። «ቤት እንዳልመታ አላወቅሽም?»

«አወቅሁ፣ እማማ።»

«ታዲያ ለምን አላቃናሽልኝም?»

«የእርስዎ ነዋ» አለችኝ። «የኔ ሥራ ማድረስ ነው።» ቀጥላም ሳልጠይቃት፣ መጀመሪያ የቆመች ዕለት እዚያው ወደብ ላይ ቃሉ ሁሉ ጠፍቶባት እንደ ቆመች፣ ተሸካሚዎቹ እያጨበጨቡ እንደቀለዱባት፣ ቤቷ ገብታ ክራሩን አልጋ ሥር እንደወረወረችው ነገረችኝ። «በሳምንቱስ?» አልኋት። «በሳምንቱ እዚሁ ነው ትምህርቱ። የት እሄዳለሁ?»

የጎደለሽ ነገር ስሙ ይህ ይመስለኛል። ትክክለኛውን ቃል አንቺ ታውቂዋለሽ፤ የሰውን ቃል የሰው አድርጎ ማድረስ ግን የሚለመድ ነገር ነው፤ የሚለመደውም ሰው ፊት ነው።

ይህን ሁሉ ጽፌ ልቤ አላረፈም። ሦስት ዓመት ሙሉ ዝናብ ከሚያቋርጠው ክፍል ተቀምጠሽ በመጨረሻ ባጃጅ ብትነጂስ? ወደቡ ላይ ሲሳቅብሽ እንደ ሱምያ ባትመለሺስ? በሌላ በኩል ደግሞ እዚያ ምግብ ቤት ትለምጂና፣ ሰው ያጨበጭብልሽና፣ የራስሽን ድምፅ ማንም ሳይሰማው፣ አንቺም ሳትሰሚው ዕድሜ ቢያልፍስ እላለሁ። ከሁለቱ የትኛው እንደሚከፋ እርግጠኛ ሆኜ ብነግርሽ ደስ ባለኝ። እርግጠኛ አይደለሁም። የማውቀው ከመጀመሪያው፣ ከኮሌጁ፣ መመለስ እንደሚቻል ነው።

ቤቱ ባዶ ስለሆነባት ነው ትዪ ይሆናል። ባዶ ነው። ለዚህም መልስ አዘጋጅቻለሁ፤ ኮሌጁ ማደሪያ አለው፣ አልጋውንም ሄጄ አይቻለሁ፣ ደህና ነው። እዚያ እደሪ። ወደኔ እሑድ እሑድ ትመጫለሽ፤ ካልተመቸሽም አትመጪም።

አንድ ነገር ይቀራል። ዛሬ ከወደቡ ስመለስ መምህር ገድሉ «እርሷ ካልደረሰች ቤተሰብ ፈርሞ ማስመዝገብ ይችላል፤ ይፈርሙላትና ይለቅ» አለኝ። ብዕሩን አቀበለኝ። ያዝሁት። ከዚህ ቀደም ስንት ቦታ ስላንቺ ፈርሜ ይሆን፤ ክትባቱን፣ ትምህርት ቤቱን፣ ሕክምናውን። እጄ ለመፈረም ተዘጋጅቶ ነበር። ከዚያ ብዕሩን መለስሁለትና «ነገ» ብዬው መጣሁ። ይኸው ከዚያ ሰዓት ጀምሮ አንድ ሥራ በእጄ አልተሠራም።

አስቤ ጨርሻለሁ። ነገ መጀመሪያ ይህን ደብዳቤ ለጌትነት እሰጣለሁ፤ በእጅሽ እንዲሰጥሽም እጄን አስመትቼ ቃል አስገባዋለሁ። ከዚያ ኮሌጁ ሲከፈት እገባና ለመምህር ገድሉ እንደማልፈርም እነግረዋለሁ፤ እሺም ሆነ እንቢ የሚሰማው ከራስሽ አፍ ነው። የአባትሽን ስልክ ጽፌ እሰጠዋለሁ፤ እስከ ዓርብ ማታ በሩን እንዳይዘጋም እለምነዋለሁ፤ መለመን አልወድም፤ ግን እለምነዋለሁ። ሸሚዙንም እንዲያስተኩስ እነግረዋለሁ። ከዚያ ቤቴ ገብቼ እቀመጣለሁ። አልደውልልሽም። ስልኩን ግን ከእጄ አላወርደውም።

አያትሽ፣
አገርነሽ