አምባሩ የእሷ፣ እጁ የእኔ

ማክሰኞ፣ ሐምሌ 9

ለምወድሽና ለምሳሳልሽ ልጄ፣

እንዴት ነሽልኝ? ባልሽስ? ትንሹ ጥርስ አወጣ ወይ? እኔ ዝናቡ ሲገባ ጉልበቴ እንደ ልማዱ ያኮርፋል እንጂ ደህና ነኝ። ጣሪያውም ማፍሰሱን ትቷል።

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። «እማዬ፣ እዚያ የተከፈተውን የዕደ ጥበብ ማዕከል ቪዲዮ አየሁት። ለባሌ እናት ባሳያት የሸክላ ሠሪዋን እጅ አይታ አፏን ይዛ ቀረች። እባክሽ ከዚያች ባለ አምባር ሴትዮ አንድ ማሰሮ ገዝተሽ ላኪልኝ» ብለሻል። አነበብኩት፤ ደግሜ አነበብኩት፤ ከዚያ በር ላይ ወጥቼ ምራቄን ተፋሁ። በአንቺ አይደለም። ቆዪ፣ በአንቺም ትንሽ ነው።

የሆነውን ልንገርሽ። ባለፈው ዓመት የመንግሥት ሰዎች መጡና «ባህላዊ ዕደ ጥበብ ለአካባቢያችን ዕድገት» የሚል ጨርቅ ከመንገዱ ማዶ ለማዶ ሰቀሉ። መስታወት በመስታወት የሆነ ቤት ተሠራ፤ ከፊት ሱቆች፣ ከኋላ የሥራ ክፍል። ኃላፊው ጭቃ የምንቆፍርበት ድረስ ወርዶ፣ ጫማው እየሰጠመ፣ «እማማ፣ አንዱ ሱቅ የእርስዎ ነው። ከእንግዲህ አስፋልት ዳር ፀሐይ አይመታዎትም» አለኝ። እኔ ሞኟ አመንኩት። አክስትሽንም ደስ ይበልሽ ብዬ ሄጄ ነገርኳት።

ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ አሉ! የሸክላ ሠሪዎች ማኅበር ተብለን ስንሰበሰብ ግማሹን ሰው አላውቀውም። የኃላፊው ቢሮ ጸሐፊ እህት አለች፣ የገንዘብ ያዡ አማት አለች። ሊቀመንበር ሆና የተመረጠችው የጣውላ ነጋዴው ሚስት ናት። አልረሳሻትም መቼም፤ ማሰሮ ልትገዛ መጥታ «ይቺን ልጅሽን ከልጆቼ አርቂልኝ፣ ጭቃ ታስነካብኛለች» ያለችው። ለመጀመሪያው ስብሰባ የፕላስቲክ ጓንቲ አጥልቃ መጣች። አክስትሽ «እትዬ ጓንቲ» አለቻትና ስሙ ተለጥፎባት ቀረ።

የቀረጻው ዕለት ታጥቤ፣ ጸጉሬን አበጥሬ፣ ጭቃዬን አቡክቼ ጠበቅኳቸው። ካሜራ የያዘው ልጅ አየት አደረገኝና ለኃላፊው «ፊታቸው ደክሟል፤ እንግዳ የሚጋብዝ ፊት አይደለም» አለው። እኔ እዚያው ቆሜ እኮ ነው! ኃላፊው ጉሮሮውን ጠረገ።

«እማማ፣ ሊቀመንበሯ ትቀመጥ። እርስዎ እጅዎን ብቻ ይስጡን።»

«እጄን ብቻ ማለት?»

«የእሷን ፊት እንቀርጻለን፣ የእርስዎን እጅ ደግሞ ቀርበን እንቀርጻለን። ሲገጣጠም አንድ ሰው ይሆናል።»

እንዲገጣጠም የእሷን ሹራብ አለበሱኝ። አምባሯንም። አምባሩ በአጥንቴ አላልፍ ሲል ሳሙና ቀብተው፣ አንዷ እጄን ይዛ አንዷ እየገፋች አስገቡት። እሷ ጥላ ሥር ቁጭ ብላ ጥፍሯን ታያለች። ማሰሮዋን ከመቀመጫዋ እስከ አፏ አወጣኋት፣ በጠጠር አለሰለስኳት። ከንዴት ይሁን ከምን፣ እንደዚያች ማሰሮ ያማረች ሠርቼ አላውቅም። ሲያበቃ አምባሩን አውልቀው ሰጧት። እያየኋት በሶፍት ጠረገችው፣ አሸተተችው፣ እንደገና ጠረገችው።

ዝም ያልኩት ለሱቁ ብዬ ነው። ማዕከሉ ሲመረቅ ግን በሱቁ በር ላይ የእሷ ፎቶ ተሰቅሎ አገኘሁት፤ ማሰሮዬን አቅፋ ጥርሷን ታሳያለች። ኃላፊውን ከጭብጨባው መሃል ጎትቼ አወጣሁት።

«ልጄ፣ የእኔ ሱቅስ?»

«እማማ፣ ድጋፉ ለማኅበር እንጂ ለግለሰብ አይደለም። እርስዎ ከኋላ ይሠራሉ፣ እሷ ከፊት ትሸጣለች። ሁላችሁም ታድጋላችሁ።»

«ከኋላ ተደብቆ ማደግ ደግሞ እንዴት ያለ ነው?»

«የሥራ ዕድል እኮ ነው እማማ» ብሎኝ ስልኩን አነሳ።

የሰው ወርቅ አያደምቅ ይላሉ። ውሸት ነው፤ እሷን እንዴት አድርጎ እንዳደመቃት አንቺው በዓይንሽ አይተሻል። የእኔ እጅ ግን አመድ አፋሽ ነው።

ባለፈው ሳምንት ለትልቅ ኤግዚቢሽን ሌላ ቪዲዮ እንሥራ ብለው መኪና ላኩብኝ። አልሄድም አልኩ። ሹፌሩ ግራ ገብቶት «ምን ልበላቸው?» ሲለኝ «እጇ፣ ከፊቴ ጋር ካልሆነ አልሄድም ብሏል በላቸው» አልኩት። በማግስቱ ከኋላው ክፍልም አስወጡኝና አክስትሽን ወሰዷት። አልተቀየምኳትም፤ የምታበላቸው ልጆች አሏት። እኔ ተመልሼ አስፋልቱ ዳር ነኝ። ፀሐዩም አልረሳኝም።

ይሄን ሁሉ እችለዋለሁ። ቢሮ ያው ቢሮ ነው። ያልቻልኩት የአንቺን ነው። ያቺ በር ላይ ተቀርቅራ የተጣመመችው ትንሿ ጣቴ ቪዲዮው ላይ ቁልጭ ብላ ትታያለች። ትምህርት ቤት ስወስድሽ ሌላውን ጣቴን ሁሉ ትተሽ እሷን ነበር የምትጨብጪው። አላወቅሻትም? ወይስ አውቀሻት፣ የባልሽ እናት አጠገብሽ ስለነበረች ዋጥ አደረግሽው? እናትሽ ሸክላ እየሠራች ከሌላ ሰው ገዝተሽ ላኪልኝ ይባላል?

«እናቴ የዕቃ ነጋዴ ናት» ብለሽ መዳርሽን ከሠርግሽ ጀምሮ አውቃለሁ። ትዳርሽ እንዳይነካ ብዬ አፌን ዘጋሁ። ያኔ አዘንኩ፤ አሁን ግን አስጠላኝ። እነዚያም ፊቴን ደበቁት፣ አንቺም ትደብቂዋለሽ። የባልሽ እናት እኮ እጄን ወዳዋለች! ከዚህ ወዲያ ምን ያስፈራሻል?

ስለዚህ ማሰሮ አልገዛልሽም፤ ሠርቼም አልልክልሽም። የባልሽ እናት ከፈለገች ያ እጅ የማን እንደሆነ ንገሪያትና እሷው ትጻፍልኝ። ምን ያህል ትሁን፣ ለምን ትፈልጋታለች፣ ትንገረኝ። ደብዳቤዋ በደረሰኝ ቀን ጭቃዬን አቦካለሁ። እስከዚያው ቪዲዮውን ትይ።

ፈጣሪ ትዳርሽን ያጽናልሽ፣ ልጅሽን አሳድጎ ለወግ ለማዕረግ ያብቃልሽ፣ እጅሽ የነካው ሁሉ ይባረክ። ተቆጥቼ ነው እንጂ ናፍቆትሽ አንጀቴን በልቶታል። ትንሹን በሁለቱም ጉንጩ ሳሚልኝ።

እናትሽ፣
ሸክላ ሠሪዋ